የመጠይቁ መለያና የታማሚው መለያ፦ የጅማ አካባቢ የአእምሮ ጤና ጥናቶች በጆርጅ ኬሊ ንድፈ ሐሳብ ሲመዘኑ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ የአእምሮ ጤና ችግሮች በአጋሮ ከተማ ማኅበረሰብ ዘንድ እንዴት ይታያሉ? የሚል። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጎማ ቡና መካከል የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ይካሄዱ የነበሩ አብዛኞቹ የአእምሮ ጤና ጥናቶች ትኩረታቸው የሕሙማንን ብዛት በመቁጠር ላይ ስለ ነበር፣ አንድ የቡና ከተማ ነዋሪ ሕመሙን በምን ዓይን እንደሚያይ መጠየቁ የሚመሰገን ጅምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጅማ የኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ምርምር ከሚካሄድባቸው ዋና ዋና ማዕከላት አንዷ ሆናለች።

የጥናቶቹ ቁጥር ሲጨምር ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ሳይነሣ ቆይቷል። ሰው ሕመምን እንዴት እንደሚያይ ለማወቅ የሚዘጋጀው መሣሪያ አስቀድሞ የራሱን አከፋፈል ይዞ ከመጣ፣ የሚለካው የተጠያቂው አተያይ ነው ወይስ ተጠያቂው ከመሣሪያው አከፋፈል ጋር ያለው መቀራረብ? ይህን ጥያቄ በሥርዓት ለመመርመር የአሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ የጆርጅ ኬሊ ንድፈ ሐሳብ ጥሩ መመዘኛ ይሰጣል። መመዘኛው ራሱም በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ኑሮ መመዘን ይኖርበታል።

የኬሊ ንድፈ ሐሳብ በአጭሩ

ጆርጅ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1905 በካንሳስ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ በፎርት ሄይስ ኮሌጅ ሲያስተምር፣ ድርቅና የኢኮኖሚ ቀውስ ላጎሳቆላቸው የገጠር ትምህርት ቤቶችና ቤተሰቦች አገልግሎት የሚሰጥ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ አቋቁሞ ነበር። በዚያ ሥራው አንድ ነገር አስተዋለ። ለሰዎች ችግራቸውን የሚያብራራ አዲስ አተያይ ሲሰጣቸው፣ አተያዩ የዘመኑ ሊቃውንት ከሚሉት ቢርቅ እንኳ፣ ከኑሯቸው ጋር እስከ ተስማማና ለነገ መንገድ እስከ ከፈተላቸው ድረስ ብዙዎች ይሻላቸው ነበር። ይህን ምልከታ ለዓመታት ካዳበረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1955 በሁለት ቅጽ ባሳተመው ሥራው ንድፈ ሐሳቡን በአንድ መሠረታዊ መነሻና በ11 ተከታይ ሐሳቦች አቀረበ።

የንድፈ ሐሳቡ እምብርት ኬሊ «ኮንስትራክት» ያለው ነው። ቃሉ በአማርኛ «መለያ» ቢባል ፍቺውን ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ኮንስትራክት ሰው በዙሪያው ያለውን ነገር የሚያመሳስልበትና የሚለይበት፣ ሁለት ጫፍ ያለው ሚዛን ነው። ለአንድ የሊሙ ቡና አምራች ሦስት እፍኝ ቡና ይቅረብለት እንበል፤ አንዱ በእሸትነቱ ተፈልፍሎ የታጠበ፣ ሁለተኛው ከነልጣጩ የደረቀ ጀንፈል፣ ሦስተኛው ከዛፍ ሥር የተለቀመ። ከሦስቱ ሁለቱ የሚመሳሰሉበትና ሦስተኛው የሚለይበት ነገር ምንድን ነው? ተብሎ ቢጠየቅ፣ አምራቹ በእጅ የተለቀመውን ከመሬት ከተነሣው ሊለይ ይችላል። ነጋዴው በሚዛን ከባዱን ከቀላሉ፣ ቀማሹ ደግሞ በሽታና በጣዕም ሊለይ ይችላል። የቀረበው ቡና አንድ ሲሆን መለያዎቹ ግን ብዙ ናቸው። ከእነርሱም ስሕተት የሚባል የለም፤ እያንዳንዱ ለባለቤቱ ሥራ ያገለግላል።

ኬሊ ይህንኑ ዘዴ ለሰዎች ተጠቀመበት። ተጠያቂው የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ ራሱንና ቀድሞ የነበረውን ራሱን ጨምሮ፣ በሦስት በሦስት እያነጻጸረ የራሱን መለያዎች እንዲናገር ይደረጋል። ከዚያም መለያዎቹ በአንድ ወገን፣ ሰዎቹ በሌላ ወገን ተደርድረው ሠንጠረዥ ይሞላል። የኬሊ ደቀ መዝሙር ዴኒስ ሂንክል እ.ኤ.አ. በ1965 ያከለው የመሰላል ጥያቄ ደግሞ፣ ከሁለቱ ጫፎች የትኛው እንደሚመረጥና ለምን እንደሚመረጥ ደጋግሞ በመጠየቅ ከዕለታዊው መለያ ወደ ጥልቁ እምነት ይወጣል። በዚህ አካሄድ ጠያቂው የሚያዘጋጀው የንጽጽሩን ሥርዓት ብቻ ሲሆን፣ የንጽጽሩን ይዘት የሚሰጠው ተጠያቂው ነው።

ሚዛኑ የማን ነው?

በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ 845 ነዋሪዎችን በማነጋገር የአእምሮ ሕሙማን በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚደርስባቸውን መገለል መርምሯል። ናሙናው ሰፊ፣ ስልቱም በዘርፉ የታወቀ ነው። ለመለኪያነት ያገለገለው መጠይቅ ግን መሠረቱ ቴይለርና ዲር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ነዋሪዎች ላይ ያዘጋጁት ነው። መጠይቁ አመለካከትን በአራት ይከፍላል፤ እነርሱም ሕመምተኛውን ዝቅ አድርጎ በሥልጣን ሥር ማዋል፣ ርኅራኄ፣ ከማኅበራዊ ኑሮ ማገድና ሕክምናው በማኅበረሰቡ መካከል እንዲሰጥ መደገፍ ናቸው። እነዚህ አራቱ የተቀረጹት በከተማዋ መኖሪያ ሰፈሮች የሕሙማን መቆያ ቤቶች ይከፈቱ አይከፈቱ የሚለው ክርክር በጦፈበት ወቅት ነበር።

እንዲህ ያለው አከፋፈል ወደ ግልገል ጊቤ ወይም ወደ ጎማ ሲመጣ ምን ይሆናል? በቶሮንቶ ሥልጣንና ርኅራኄ ተቃራኒ ጫፎች ሊሆኑ ይችላሉ። የታመመ ልጇን በር ዘግታበት ወደ ቡና ለቀማ የምትሄድ እናት ግን ሁለቱን አትለያቸውም፤ በእርሷ አተያይ በሩን የምትዘጋው ስለምትራራለት ነው። መጠይቁ ሲቀርብላት ከየሐሳቡ የምትስማማበትንና የማትስማማበትን ትመልሳለች፤ ድምሩም ይሠራል። ይሁን እንጂ ድምሩ የእርሷን ሐሳብ የሚገልጸው በቶሮንቶ ሚዛን ላይ የት እንደምትውል ብቻ ነው። የራሷ ሚዛን ምን እንደ ሆነ አልተጠየቀችም።

ተመሳሳይ ችግር ከጅማ ውጭ በተካሄዱ፣ ለጅማ ጥናቶችም አርአያ በሆኑ ሥራዎች ይታያል። በቡታጅራ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የዋና መረጃ ሰጪዎች ጥናት፣ ሰባት ዓይነት ሕመሞችን የሚያሳዩ አጫጭር ታሪኮችን አዘጋጅቶ ለ100 ሰዎች በማቅረብ፣ የትኛው እንደሚከፋና ርዳታ ከየት እንደሚፈለግ ጠይቋል። የሚጥል በሽታ፣ ስኪዞፍሬኒያና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት እጅግ ከባድ ተደርገው መታየታቸውን፣ ብዙ መናገር፣ ጠበኝነትና እንግዳ ጠባይ ደግሞ የአእምሮ ሕመም ምልክት ተደርገው መወሰዳቸውን አሳይቷል። ውጤቱ ለጤና ሠራተኛው ጠቃሚ ነው። ሆኖም ሰባቱ ታሪኮች የተለያዩት በሐኪሙ የምርመራ አከፋፈል በመሆኑ፣ መረጃ ሰጪዎቹ የሚመዝኑት አስቀድሞ የተመደበውን ነበር። እነርሱ ራሳቸው ቢመድቡት ኖሮ ሰባት ይሆን ነበር ወይስ ሦስት? ወይስ ሐኪሙ አንድ ያለውን በሁለት ይከፍሉት ነበር? ጥናቱ ለዚህ መልስ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።

መልሱ በምን ቋንቋ ይመዘገባል?

ሁለተኛው ችግር የቋንቋ ነው። በጅማ ዞን የአብዛኛው ሕዝብ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። የሕክምና ትምህርትም ሆነ የሕሙማን ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በመካከል ብዙ ጊዜ አማርኛ ይገባል። አንድ ሕመምተኛ በቋንቋው የተናገረው በአስታማሚ ወይም በነርስ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ በሐኪም እጅ እንግሊዝኛ ሆኖ ካርድ ላይ ሲያርፍ ሁለት ጊዜ ተተርጉሟል። «ራሴን ያቃጥለኛል» ያለው ሰው ካርዱ ላይ የራስ ምታት ታማሚ ይሆናል፤ «ልቤን ያዘኝ» ያለችውም የልብ ምርመራ ይታዘዝላታል። ቃሉ በትክክል ተተርጉሞ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ከምን ጋር እየተነጻጸረ እንደ ተነገረ ግን በመንገድ ላይ ቀርቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስፋፋውና በኢትዮጵያ በስፋት ያገለገለው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ይህን ችግር በከፊል ያቃልላል። ጥያቄዎቹ ከራስ ምታት፣ ከምግብ ፍላጎትና ከእንቅልፍ የሚጀምሩ፣ ያለፉትን 30 ቀናት የሚመለከቱ፣ በአዎና በአይደለም የሚመለሱ በመሆናቸው ጭንቀቱን በሰውነቱ ለሚገልጽ ሰው ይቀርባሉ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ የተዘጋጀው የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መለኪያ፣ የወሊድ ድካም ከሕመም ጋር እንዳይምታታ በማለት አካላዊ ምልክቶችን ሆን ብሎ ያስቀረ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች በገጠር ቡታጅራ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ሲነጻጸሩ ባለ 20 ጥያቄው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ያው የኤዲንብራ መለኪያ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ እናቶች ዘንድ አጥጋቢ ውጤት አሳይቷል። በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ የቀረበ አንድ መሣሪያ ከከተማ ወደ ገጠር ሲሻገር አቅሙ መለወጡ፣ የችግሩ ሥር ከትርጉም ጥራት በላይ መሆኑን ያመለክታል። የከተማዋ እናት ስለ ስሜቷ ራሱን ችሎ መናገርን በትምህርት ቤትና በመገናኛ ብዙኃን ለምዳው ሊሆን ይችላል፤ ለገጠሯ እናት ግን ስሜት ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከሥራ ተለይቶ የሚቆም ነገር ላይሆን ይችላል።

በአዎና በአይደለም የመመለስ ሥርዓትም የራሱ ጣጣ አለው። ያዝኑ እንደ ሆነ የተጠየቁ አረጋዊ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ብለው ቢመልሱ፣ መረጃ ሰብሳቢው ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ግዴታው ነው። አረጋዊው ግን ያመጡት ሌላ መለያ ነው፤ በአንድ ጫፉ ማመስገን፣ በሌላው ጫፉ ማማረር ያለበት። በእርሳቸው ዘንድ ኀዘን መኖሩና አለመኖሩ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው መልስ በሠንጠረዡ ውስጥ ሲገባ አንድ አኃዝ ይሆናል፤ የተናገረው ቁም ነገር ግን ይጠፋል።

የአንድ ዓመት መዘግየት

ይህ ሁሉ የምሁራን ክርክር ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ነው። ጥናቱ 384 የአእምሮ ሕሙማንን የተመለከተ ሲሆን፣ ከእነርሱ ግማሽ ያህሉ ወደ ሆስፒታሉ ከመምጣታቸው በፊት ወደ ሃይማኖታዊ ፈዋሾች ወይም ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂዎች ሄደው ነበር። ሕመሙ ከጀመረበት እስከ ሆስፒታሉ ሕክምና ድረስ ያለው መካከለኛ የመዘግየት ጊዜም አንድ ዓመት ያህል ነበር። በሚጥል በሽታ አንድ ዓመት ማለት በእሳት የመቃጠልና በወንዝ የመስጠም አደጋ ያለበት አንድ ዓመት ነው። በስኪዞፍሬኒያም ሕክምናው በዘገየ መጠን ማገገሙ ይከብዳል።

የተለመደው ማብራሪያ መዘግየቱን የግንዛቤ ማነስ ይለዋል። መፍትሔውም «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ይሆናል። የኬሊ ንድፈ ሐሳብ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ፈዋሹ ምን ጠየቀ? ሕመሙ የያዘው የት ነው፣ በቀን ነው በማታ፣ ከማን ጋር ነበር፣ ከማን ጋር ተቀያይሞ ነበር ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ጥያቄዎች ቤተሰቡ ነገሩን ከሚለይበት መንገድ ጋር የተጣጣሙ ናቸው። ጤና ሠራተኛው በበኩሉ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የሚሰማ ድምፅና የቤተሰብ የሕመም ታሪክ ይጠይቃል። ቤተሰቡ ሁለቱን ሲያነጻጽር ችግሩ የገባው የትኛው እንደሚመስለው መገመት አያዳግትም። መለያን የሚተካው የተሻለ መለያ ነው፤ ቤተሰብም ያለውን አተያይ የሚተወው ሌላው አተያይ ለነገ ኑሮው የበለጠ ሲያገለግለው ነው።

እዚህ ላይ ኬሊ ስለ ሰዎች ግንኙነት ያለው ሐሳብ ለጤና ሠራተኛው ልዩ ትርጉም አለው። በእርሱ አገላለጽ አንድ ሰው በሌላው ሕይወት ውስጥ ድርሻ ሊኖረው የሚችለው የዚያን ሰው የአተያይ መንገድ በተረዳ መጠን ነው። መረዳት መስማማት አይደለም፤ ሐኪም በጂኒ ወይም በቡዳ ማመን አይጠበቅበትም። ታማሚው በዚያ እምነት ምንን ከምን እንደሚለይ ግን ማወቅ ይጠበቅበታል።

ኬሊ ጠላትነትን የተረጎመበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባል። ጠላትነት ለእርሱ፣ መሳሳቱ የታየ ግምት ትክክል መሆኑን ሌላውን ሰው አስገድዶ ለማስመስከር መሞከር ነው። መድኃኒት ያቋረጠ ታማሚ ካርድ ላይ «ኖን ኮምፕሊያንት» ተብሎ ሲጻፍና በሚቀጥለው ቀጠሮ ተቆጥቶ የቀድሞው ትእዛዝ ሲደገምለት፣ ግምቱ የከሸፈው የጤና ሠራተኛው ሆኖ ሳለ ማስረጃውን እንዲያቀርብ የሚገደደው ታማሚው ነው። ትርጓሜው ለባለሙያ የሚመር ቢሆንም በብዙ ተመላላሽ ክፍሎች የሚታየውን ይገልጻል።

አንድ ማብራሪያ ምሳሌ

ለማብራሪያ ብቻ የሚከተለውን ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በሊሙ ገነት አካባቢ የምትኖር እናት ስለ ታመመው ልጇ፣ የሚጥል በሽታ ስላለባት የጎረቤት ልጅና ብቻቸውን ስለሚያወሩ አንድ አዛውንት ትጠየቅ። ከሦስቱ ሁለቱ በምን ይመሳሰላሉ? ሐኪሙ ልጁንና አዛውንቱን በአንድ ወገን ያደርግ ይሆናል፤ ሁለቱም ከሌላ ሰው ጋር የሚነጋገሩ ይመስላሉና። እናቲቱ ግን ልጇንና የጎረቤቷን ልጅ ታመሳስላለች፤ «ሁለቱ ብቻቸውን አይተዉም፤ አባባ ግን ብቻቸውን ይተዋሉ» ትላለች። መለያዋ ብቻውን የሚተውና የማይተው ሆነ ማለት ነው።

የመሰላሉ ጥያቄ ሲቀጥል፣ ብቻውን የሚተው መሆኑ ለምን እንደሚሻል ትጠየቃለች። መልሷም ከጥቅምት ጀምሮ ባለው የለቀማ ወራት ከቤት መውጣት እንዳለባት፣ ካልወጣች የዓመቱ ገቢ እንደሚቀር፣ ከወጣች ደግሞ ልጇን የሚጠብቅ እንደሌለ ይሆናል። ከዚህ ንግግር ጤና ሠራተኛው ሦስት ነገር ያገኛል። የሕክምናው ግብ ለዚህች ቤተሰብ በድምፆቹ መቀነስ ሳይሆን ልጁ ለግማሽ ቀን ብቻውን ሊቆይ በመቻሉ ይለካል። ቀጠሮው በለቀማ ወራት ላይ ቢውል የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። በሩ የሚዘጋበት ምክንያትም ታውቋል። በሩ እንዲከፈት የሚፈልግ ባለሙያ መዝጋቱን ከማውገዙ በፊት፣ መዝጋቱ የሚሠራውን ሥራ የሚተካ ነገር ማቅረብ አለበት። ይህን ሁሉ ያስገኙት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። መቶ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ግን ብቻውን መተውና አለመተው የሚል ሐሳብ በውስጡ ከሌለ ወደዚህ አያደርስም።

ሌሎች ዘዴዎችም ታማሚውን ለማዳመጥ ተሞክረዋል። አርተር ክላይንማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ታማሚው ስለ ሕመሙ መንስኤና ሕክምና የሚያስበውን ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው አምስተኛው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ውስጥ የተካተተው ባለ 16 ጥያቄ የባህል ቃለ መጠይቅም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን የሕመሙ መንስኤ ምን እንደሚመስለው በሐኪም ፊት የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ያልፋል። ማብራሪያ መስጠት የሐኪሙ ሥራ ነው ብሎ ያምናልና። የሚያውቃቸውን ሦስት ሰዎች እንዲያነጻጽር የተጠየቀ ግን ዐዋቂው እርሱ ነው፤ አፉም ይፈታል።

የንድፈ ሐሳቡ ድክመቶች

የኬሊ ሥራ ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ሂስ አላጣም። ጄሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1956 በጻፈው ግምገማ የመጽሐፉን ታላቅነት መስክሮ፣ ንድፈ ሐሳቡ ለቁጣ፣ ለፍቅርና ለጋለ ስሜት የሚገባውን ቦታ አልሰጠም ሲል ነቅፎታል። ካርል ሮጀርስም በዚያው ዓመት ሕክምናው አእምሮ ላይ ብቻ ማዘንበሉን ተችቷል። ከጅማ አንጻር ሲታይ ደግሞ ሌሎች ድክመቶች ይጨመራሉ።

የመጀመሪያው መለያን የአንድ ግለሰብ ንብረት ማድረጉ ነው። ኬሊ ሰዎች ተመሳሳይ አተያይ ሊኖራቸው እንደሚችል ቢያምንም፣ ሠንጠረዡ የሚሞላው አንድ ሰው ለብቻው ተቀምጦ ነው። በአጋሮም ሆነ በሊሙ ታማሚ ለብቻው ወደ ሕክምና መምጣቱ ብርቅ ነው። አባት፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም አብሮ ይመጣል፤ የት እንደሚታከም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታከምም የሚወስነው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ስለዚህ የታማሚውን መለያ ብቻ ያወቀ ባለሙያ የውሳኔውን ባለቤት አላወቀም።

ሁለተኛው ድክመት ማብራሪያ ላይ ያለው ከፍተኛ እምነት ነው። በካንሳስ ኬሊ ያያቸው ብዙዎቹ በጭንቀትና በትምህርት ችግር የመጡ ነበሩ። የሚጥል በሽታ ግን አተያይ በመለወጥ አይቆምም፤ ፌኖባርቢታል ይፈልጋል። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ፣ መንገዱ በክረምት ሲቆረጥ፣ የቡና ዋጋ ወድቆ ለመጓጓዣ የሚሆን ሲታጣ የሚደርሰውን መዘግየት በታማሚው አስተሳሰብ ማመካኘት በደል ይሆናል። የመለያ ጥናት ለአቅርቦት ጉድለት መሸፈኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ድክመት በተከታዮቹ ዘንድ የታየ ነው። ሠንጠረዡ በቁጥር ሲሞላና በኮምፒውተር ሲተነተን፣ የተጠያቂው ቃል ተመልሶ አኃዝ ይሆናል። ያን ጊዜ በመጠይቁ ላይ የቀረበው ወቀሳ በሠንጠረዡ ላይም ይደርሳል።

ለመጠይቆቹም ፍትሕ መስጠት ተገቢ ነው። ያለ እነርሱ ድብርትና ጭንቀት በአገሪቱ የጤና ዕቅድ ውስጥ ቦታ ባላገኙ ነበር። ምን ያህል ሰው ታሟል? ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ወጥ የሆነ መለኪያ ነው፤ ከሺህ ሰው ሺህ ዓይነት መለያ ሰብስቦ መቁጠር አይቻልም። ስሕተቱ የሚጀምረው ለመቁጠር የተሠራው መሣሪያ ለመረዳት ሲውል ነው።

ውይይት እንደ መሣሪያ

የግል መለያዎች ሥነ ልቡና በዓለም ዙሪያ ትልቅ ተቋም ይዞ አያውቅም። የቆየው በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮች ተበታትነው ባሉ ጥቂት ተመራማሪዎች የማያቋርጥ ውይይት ነው። ፌይ ፍራንሴላ እ.ኤ.አ. በ1981 በለንደን ያቋቋመችው ማዕከልና እ.ኤ.አ. በ1988 መታተም የጀመረው የዘርፉ መጽሔት የዚህ ውይይት ፍሬዎች ናቸው። በእነዚህ ውይይቶች የዳበረው ልማድ፣ አንድ ተመራማሪ የሰበሰበውን መለያ ለባልደረቦቹ ማቅረቡና ከሁሉ በፊት ለባለቤቱ ለተጠያቂው መልሶ ማሳየቱ ነው።

ጅማ ለእንዲህ ያለ ውይይት ከብዙ ቦታ የተሻለ መሠረት አላት። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከጅምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም፣ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርትን መርሑ አድርጓል። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በቡድን ሆነው እንደ አጋሮ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ። የቡድኑ ተግባር በአብዛኛው መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መሄድና ውጤቱን በመቶኛ ማቅረብ ሆኖ ቆይቷል። ከመጠይቁ ጎን እያንዳንዱ ተማሪ የጥቂት ሰዎችን የሦስትዮሽ ንጽጽር በተናገሩበት ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ሳይተረጉም ጽፎ ቢያመጣና ቡድኑ ቢወያይበት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማንበብ ለማይችል ሰው ካርድ አያስፈልገውም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የቡና ፍሬ ወይም ጠጠር ማስቀመጥ ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በአካባቢው ሰው የሚጨዋወተው ቡና ላይ ስለ ሆነ፣ ቡና የተፈላበት ቤት ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተመቸ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቡና ላይ የተነገረ ነገር የጎረቤት ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የቡታጅራ ጥናት ከ178 የከባድ አእምሮ ሕሙማን ቤተሰቦች ሦስት አራተኛ ያህሉ መገለል እንደሚሰማቸው ገልጸዋል። ስለዚህ ስለ ልጇ የምትጠየቅ እናት ጎረቤቶቿ በሌሉበት መጠየቅ አለባት። የምታነጻጽራቸው ሰዎች ስምም በወረቀት ላይ መስፈር የለበትም።

ማጠቃለያ

የአጋሮው ጥናት በ2005 ያነሣው ጥያቄ ዛሬም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማኅበረሰቡ የአእምሮ ሕመምን እንዴት ያየዋል? ጥያቄው ሙሉ መልስ የሚያገኘው ማኅበረሰቡ በራሱ መለያ እንዲመልስ ሲፈቀድለት ነው። የኬሊ ንድፈ ሐሳብ ለዚህ ቀላልና ርካሽ ስልት ያቀርባል። ግለሰቡን ከቤተሰቡ፣ አተያይን ከአቅርቦት ነጥሎ እንዳያይ ከታረመ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራበት ይችላል።

መጠይቆቹ በቦታቸው ይቆዩ፤ ቁጥር የሚፈልገው ክፍል ቁጥሩን ያግኝ። በምርመራ ክፍሉ ግን ሕመምተኛው ከማን ጋር ራሱን እንደሚያመሳስልና ከማን እንደሚለይ፣ ሲሻለው ምን ማድረግ እንደሚችል መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። መልሱም በራሱ ቃል ካርዱ ላይ ቢሰፍር፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚቀበለው ሌላ ባለሙያ የሚጀምረው ከዚያ ይሆናል።